የሾፌሩ እናት

ሕሊና ደብረ ማርቆስ ሥራ ባገኘች ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ እልል ሲል፣ ለእኔ የታየኝ መንገዱ ነው። ከከተማችን ከአማኑኤል እስከ ማርቆስ ያለውን ኩርባ አንድ በአንድ በሐሳቤ ዞርሁት። ጨሞጋ ድልድይ ላይ ስደርስ ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ።

ሕሊና የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ባሏን ተከትላ መተከል ስትወርድ፣ በረሃው ለሕፃን አይሆንም ብዬ ከጀርባዋ አውርጄ አስቀረኋት፤ በዚያው የእኔ ሆነች። አሳደግኋት፣ አስተማርኋት፣ የጽሕፈት ሙያዋንም ይዛ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠረች። መቀጠሩስ መልካም ነበር። ግን ወይ ማርቆስ ቤት ተከራይታ ብቻዋን መኖር፣ ወይ በየቀኑ በአውቶቡስ መመላለስ ሊኖርባት ነው። ብቻዋን የምትኖር ልጃገረድ በሯን ማን እንደሚያንኳኳባት በምን ይታወቃል? ምድጃውን ሳታጠፋ እንቅልፍ ቢወስዳትስ? ቢያማት ውሃ የሚያቀብላት ማን ነው? ስለዚህ ትመላለስ አልሁ። ምን ይሻልሻል ብዬ አልጠየቅኋትም። ዝም ስላለች የተስማማች መሰለኝ።

አውቶቡስ ስል ያንን ቅጥቅጥ የምንለውን ነው፤ የጭነት መኪና ላይ ቆርቆሮ ቀጥቅጠው የሚሠሩትን። ዘመኑ ዘጠና ስምንት ነው። ሚኒባሶችም ነበሩ፤ ግን ሲበሩ ሳያቸው ዓይኔን እጨፍን ስለነበር ቅጥቅጡ ይሻላል አልሁ። ሌላው ቢቀር ከባድ ነው፣ ነፋስ አያነሣውም።

የአውቶቡስን ደግነት አልክድም። ልጅ ጠዋት ወጥታ ማታ ቤቷ ትገባለች። ትኩስ እራት ትበላለች፣ የዋለችበትን ታወራለች። ሕሊና ደግሞ ወሬ ታውቅበታለች። ማን በማን ትከሻ ላይ እንቅልፍ እንደወሰደው፣ የማን ዶሮ ከቅርጫት አምልጣ ሾፌሩ ራስ ላይ እንደወጣች፣ የትኛዋ ሴትዮ ጣሪያው ሙሉ ድንች አስጭና «ዕቃ የለኝም» ብላ እንደተሟገተች፣ ሁሉንም እያስመሰለች ስትነግረኝ ቤታችን እንግዳ የሞላበት ይመስል ነበር። እኔና እሷ ብቻ ለምንኖርበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ክፋቱ ግን ከበሩ ይጀምራል። ለመግባት ሲጋፉ ጎድን ይሰብራሉ። ትርፍ ይጭናል፤ የቆመው በተቀመጠው ላይ ይወድቃል። መስኮት ከተከፈተ ብርድ ይመታታል፤ ከተዘጋ የሰው ሁሉ ጉንፋን ይጋባባታል። እኔ ይዘጋ ባይ ነኝ።

«እናና፣ የሳንባ በሽታ የሚመጣው ሲዘጋ ነው» ትለኛለች። «ጤና ጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን ያንብቡት።»

አንብቤዋለሁ። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ፤ የተለጠፈ ነገር አያመልጠኝም። ቢሆንም ወረቀቱን የጻፈው ሰው ታኅሣሥ ላይ ከአማኑኤል በጠዋት ተሳፍሮ አያውቅም።

ጠዋት ጠዋት እስከ አስፋልቱ እሸኛታለሁ። መቆሚያው አጠገብ ወለላ ሻይ ቤት አላት፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የማውቃት፣ ምላሷ የማያርፍ ጎረቤቴ ናት። ሕሊናን አሳፍሬ ስጨርስ ወደ ሾፌሩ መስኮት እዞራለሁ።

«ልጄ፣ በደንብ ተኝተህ አደርህ?»

«ተኝቻለሁ፣ እማማ።»

«መጠጥስ አልቀመስህም?»

«ጾም ነው፣ እማማ። ሻይ እንኳ አልጠጣሁም።»

«የውብዳር» ትላለች ወለላ ከሻይ ቤቷ ደጃፍ፣ ብርጭቆ እያጠበች፤ «ምላስህን አውጣ በይው፤ ትኩሳቱንም ለኪው።»

ተሳፋሪው ይስቃል። ሕሊና ሻሿን ወደ ግንባሯ ስባ ትደበቃለች። ሾፌሩ ግን አይስቅም ነበር። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ለጠየቅሁት ሁሉ ይመልስልኛል።

ታረቀኝ ይባላል። የሉማሜ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። እናቱ ገና ጡት ሳይጥል ሞታበት ከአንዱ ዘመድ ወደ ሌላው ሲዛወር ያደገ መሆኑን ወለላ ነግራኛለች። ጠባዩ ጥሩ ነው። እግሩ ግን ነዳጅ መርገጫው ላይ ይከብዳል። ማርቆስ መናኸሪያ ቀድሞ የደረሰ ለመመለሻው ቀድሞ ተራ ስለሚይዝ ይበራል፤ ኩርባውን ሲዞር የኋላው ሰው እየተንሸራተተ የፊተኛው ጭን ላይ ይቀመጣል። ይህንንም የነገረችኝ ሕሊና ናት፣ እየሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ክረምቱ መግቢያ ላይ፣ አንድ ማታ፣ ማርቆስ መንገድ ላይ አውቶቡስ ተገለበጠ የሚል ወሬ መጣ። ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። የትኛው አውቶቡስ? አይታወቅም። የሞተ አለ? አለ ይባላል። ነጠላዬን ሳልይዝ ሮጬ አስፋልቱ ላይ ወጣሁ። ዝናብ ነበር። ወለላ እጄን ይዛ ወደ ሻይ ቤቷ ልታስገባኝ ብትታገል እምቢ አልኋት። የመኪና መብራት በመጣ ቁጥር ወደ መንገዱ መሐል እገባለሁ፤ እሷ ትጎትተኛለች። ያለ ወትሮዋ አንድ ቀልድ አልወጣትም።

ኋላ ቅጥቅጡ መጣ። ሕሊና ስትወርድ መጀመሪያ ያየችው እግሬን ነው።

«እናና፣ ጫማዎ የታለ?»

የተገለበጠው ሌላ አውቶቡስ ኖሯል፤ መንገዱ ተዘግቶ ነው የዘገዩት። ሳቀች፣ ከዚያ አቀፈችኝና አለቀሰች። ታረቀኝም ከመሪው ወርዶ ጃኬቱን ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። እስከ ቤት ደግፈው አደረሱኝ፤ እሱ በአንድ ወገን፣ እሷ በሌላው።

ከዚያ ቀን በኋላ እህል አልወርድ አለኝ። ሳስብ ሰነበትሁ። ሐሳቤም ይህ ነበር፦ ሾፌር ባዳ ጭኖ ሲነዳና የራሱን ሰው ጭኖ ሲነዳ እግሩ አንድ አይሆንም። የእኅቱ ልጅ አጠገቡ ተቀምጣ ኩርባ ላይ የሚበር ማን ነው? ታረቀኝ ዘመዴ ቢሆን ኖሮ። ዘመድ ደግሞ ይደረጋል።

የዛሬ ሰው እየተወው ነው እንጂ የጡት ልጅ ማድረግ በእኛ አገር የቆየ ነገር ነው። በሽማግሌና በካህን ፊት እናት የምትሆነው ሴት አውራ ጣቷን ማር ታስነካለች፣ ልጅ የሚሆነው ይጠባል። ከዚያ በኋላ እንደ ማሕፀን ልጅ ነው። ስትታመም ያስታምማል፣ ስትሞት ይቀብራል፣ ከቤቷ ልጆችና ከልጅ ልጆቿ ጋር አይጋባም። የሚደረገውም ለመታረቅ፣ ለመጠበቅ፣ ባዳን ሰው ለማድረግ ነው። ልጅቱን ለመጠበቅ ከዚህ የበለጠ ምን አለ አልሁ።

ለወለላ ነገርኋት።

«ልጅ ላደርገው ነው።»

«ማንን?»

«ታረቀኝን። የጡት ልጅ።»

ወለላ ብርጭቆውን አስቀመጠች። «በዚህ ዕድሜሽ ልትወልጂ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪኝ እንጂ፤ ገንፎ የማገነፋው እኔ ነኝ።» ከዚያ ፊቴን አየች። «አንቺ የውብዳር፣ የምርሽን ነው?»

ታረቀኝም እንዲሁ ነበር ያለኝ። «እማማ፣ የምርዎን ነው?» ጎማውን ተደገፈ። «እናት ብዬ የጠራሁት ሰው የለም። አፌም አለመደውም።»

«ይለምደዋል» አልሁት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ ተደረገ። የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ሩፋኤል ጸሎት አደረሱ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ለምስክር ተቀመጡ። ታረቀኝ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጥቶ ተንበረከከ። አውራ ጣቴን ከማሩ አውጥቼ ሰጠሁት፤ ጠባ። «እናቴ ነዎት» አለ። «ልጄ ነህ» አልሁ። ሕሊናን ጠርቼም፣ «ይህች የእኅትህ ልጅ ናት፤ በመንገድም በቤትም አደራ» አልሁት። «አደራዎን ተቀብያለሁ» አለ።

ሕሊና ዳቦ እየቆረሰች ስታዞር፣ «አጎቴ ጺም አብቅሎ ተወለደ» ብላ ሽማግሌዎቹን አሳቀቻቸው። ያን ቀን በሁለቱም ልብ ምንም አልነበረም። ይህን አምናለሁ። ቢኖርማ ኖሮ አንዳቸው አንድ ነገር ይሉ ነበር።

እንዳሰብሁትም ሆነ። ሕሊና ከግፊያው ወጥታ ጋቢና ተቀመጠች። ታረቀኝ ኩርባ ላይ ረጋ አለ። ተሳፋሪው ቢያጉረመርም አይሰማም ነበር። «ታቦት ነው እንዴ የምናጅበው?» ይላል አንዱ ከኋላ። «ዝም በል፣ እናቱ መንገድ ላይ ናቸው» ይላል ሌላው። ማታ ከመቆሚያው እስከ አጥራችን ድረስ አድርሷት ይመለሳል። ቅዳሜ ማታ እራት እኛ ዘንድ ነው። ጣሪያዬ ሲያፈስ ቆርቆሮ ያጠበቀልኝ እሱ ነው፤ የወባ ንዳድ ቢጤ ይዞኝ በተኛሁ ጊዜም ራስጌዬ ቁጭ ብሎ ሾርባ ያጠጣኝ እሱ ነው። እንቅልፌ ተመለሰ። ወለላም፣ «ሰው ሁሉ ለልጁ ሾፌር ይቀጥራል፣ አንቺ ወለድሽ» ትለኝ ጀመር፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ወጣት ሾፌርና ወጣት ሴት በየቀኑ ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ በሌላ ጊዜ ቢሆን የአማኑኤል ሰው ስም አውጥቶ ዘፈን ያደርገው ነበር። አንድ ሰው ክፉ አላወራም። አጎቷ ነዋ። ሐሜቱን አጥሬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ሁለቱን ከአጥሩ ውስጥ ብቻቸውን እንደተውኋቸው ግን አልታየኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሽማግሌ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ አካለ ወልድ የሚባል መምህር ላከ፤ የተማረ፣ ጨዋ፣ የአባቱን እርሻ የማይንቅ ልጅ።

«አልፈልግም» አለች ሕሊና።

«ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም፣ እናና።»

ቀጥሎ ማርቆስ ሱቅ ያለው ሌላ ሰው ላከ። እሱንም መለሰችው። እኔ ስሞት ይህች ልጅ ከማን ጋር ትቀራለች? የሰው ነገር ሰምታ ፈርታ ይሆን? ታማ ይሆን? ታረቀኝን ቅዳሜ ማታ ያዝሁት። «አንተ አጎቷ ነህ፤ ለእኔ የማትነግረውን ለአንተ ትነግርሃለች፤ ጠይቅልኝ» አልሁት። እጁ ላይ ያለውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰ። «እጠይቃታለሁ፣ እናቴ» አለ። መልሱን ግን አላመጣልኝም፤ እኔም ሥራ በዝቶበት ይሆናል እያልሁ ጠበቅሁ።

ጉልበቴን የያዘኝ ያን ሰሞን ነው። ማርቆስ ሐኪም ይየው ተባለ። በአውቶቡስ ከተሳፈርሁ ስንት ዘመኔ። ታረቀኝ አቅፎ ጋቢና አወጣኝ፤ እኔ በበሩ በኩል፣ ሕሊና መሐል ተቀመጥን። መስኮቱን ዘጋሁት። ማንም አልተከራከረኝም።

ከኋላ ሰው ያወራል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ የአንዲት ሴት ቅቤ ይሸታል። ጋቢና ውስጥ ግን ጸጥ ብሏል። እኔ ስላለሁ አፍረው ነው አልሁ። መንገዱን እያየሁ፣ የኩርባውን መዓት እየቆጠርሁ፣ በስመ አብ እያልሁ ስሄድ፣ ሕሊና እጇን ዘርግታ በታረቀኝ በኩል ያለውን የፀሐይ መከላከያ አወረደችለት። ወዲያው ኩርባውን ዞርንና ፀሐይዋ ከፊት ለፊታችን መጣች። መንገዱ መልሶ ሲታጠፍ መልሳ ሰቀለችው። ወደ እሷ አልዞረም፣ አመሰግናለሁም አላላትም። ትንሽ ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ክዳኑን ከፍታ የውሃውን ጠርሙስ እጁ ላይ አኖረችለት። ጠጥቶ ሲመልስላት እጁ እጇ የት እንዳለ ያውቃል። አቀበቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ማርሽ ሊቀይር እጁን ገና ሳያነሣ፣ ጉልበቷን ወደ እኔ ሰበሰበችለት።

ባሌን ነፍሱን ይማረውና፣ ጋቢ ሲፈልግ ሳይጠይቀኝ ማቀበል የጀመርሁት ሁለት ልጅ ከወለድሁ በኋላ ነው።

ከኋላ አንዱ፣ «ዛሬማ እናትየው ራሳቸው ስላሉ በእግር የወጣ ይቀድመናል» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ታረቀኝም ፈገግ አለ። እኔ ጨሞጋ ድልድይን መቼ እንዳለፍን አላስታውስም።

ማታ እቤታችን፣ ሕሊና ጉልበቴን ሐኪሙ በሰጠኝ ቅባት ስታሸኝ ጠየቅኋት።

«ሽማግሌዎቹን የመለስሻቸው በታረቀኝ ምክንያት ነው?»

እጇ ቆመ።

«ምንም አላደረግንም፣ እናና። ክፉ ቃል እንኳ ተነጋግረን አናውቅም።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም።»

«አዎ» አለች። «በእሱ ምክንያት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እንዴት ልወቅ? አንድ ቀን አሞት ቀረና ሌላ ሾፌር መጣ። ጋቢናም አስቀመጠኝ፣ በደንብም ነዳ። መንገዱ ግን አላልቅ አለኝ። ያን ቀን ነው የገባኝ።»

«ነግረሽዋል?»

«ነግሬዋለሁ። ድልድዩን እስክናልፍ ዝም አለ። ከዚያ ‹እኔም› አለ። ከዚያ ‹እናቴስ?› አለ። ከዚያ ወዲያ አላወራንበትም።» ቅባቱን ክዳኑን ገጠመችው። «እናቴ የሚለው እርስዎን ነው።»

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? አጎቴን ላግባ ብዬ?»

በማግስቱ አባ ወልደ ሩፋኤል ዘንድ ሄድሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባ፣ የታረቀኝን ልጅነት ይፍቱልኝ።»

«በደለሽ?»

«አልበደለኝም።»

«ሳይበድላት ልጇን የምትፈታ እናት የት አይተሻል?»

ሁሉንም ነገርኋቸው። ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው ሰሙኝ።

«እኔ ጸሎት አድርሼበታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እንደ ማሕፀን ልጅ ነው ብለን በእግዚአብሔር ፊት ተናግረናል። አሁን ጋብቻ ስለመጣ ልጅ አልነበረም ልበል?»

«ሌላ አገር ሄደው ይጋቡ፣ አባ። ማን ያውቃቸዋል?»

«እኔ አውቃለሁ። አንቺም ታውቂያለሽ። ከሁሉ በላይ እሱ ያውቃል።» ድምፃቸው ለሰለሰ። «አንቺን ብቻ አልወቅስም። ያልተዳረች ልጅ ዳቦ ይዛ በፊቴ ስትመላለስ እያየሁ አንድ ቃል ሳልጠይቅ ባረክሁ። ያሰብነው መንገዱን ብቻ ነበር።»

እኔ ግን በዚህ አልተመለስሁም። የሕሊና ፊት ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ቅዳሜ ታረቀኝ ሲመጣ አስቀመጥሁት። ሕሊና ከጓዳ ነበረች።

«ስማኝ» አልሁት። «ደንቡ አልሞላም ነበር እላለሁ። ማሩ አፍህ አልገባም እላለሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ጆሮው አይሰማም። አባ ይቆጡኝ፣ ኃጢአቱን እኔ እወስዳለሁ። ውሰዳትና ሂዱ።»

አጎነበሰ።

«እወዳታለሁ» አለ። «ይህን ለእናት መንገር ነውር ነው፤ ግን ስላነሡት ነው። ሉማሜ በሄድሁ ጊዜ ያሳደጉኝን ሁሉ፣ ያባረሩኝንም፣ እናት አለችኝ ብያቸዋለሁ። አላመኑኝም ነበር፤ እርስዎ የፈተሉልኝን ጋቢ አሳየኋቸው። አሁን ተመልሼ ሄጄ አይደለችም ልበላቸው?»

«አማት እሆንሃለሁ። አማትም እናት ናት።»

«አማት ሌላ ነው፣ እናቴ።» ራሱን ነቀነቀ። «ማሩን በውሸት አልጠባሁትም። እርስዎ ለእሷ ብለው እንዳደረጉት አውቃለሁ፤ ያኔም አውቅ ነበር። እኔ ግን ለእናት ብዬ ነው የጠባሁት።»

እሱን ያየሁት እንደ ፍሬን ነበር። እሱ ግን ልጅ ሆኖልኝ ነበር።

ሕሊና ከጓዳ ወጣች። አላለቀሰችም። እጇ ላይ ማማሰያ ይዛ ነበር።

«ያኔ እናና ብቻዎን ወሰኑ» አለች። «ዛሬ ደግሞ እሱ ብቻውን ወሰነ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ተሳፋሪ ነኝ።»

«አሁን እጠይቅሻለሁ» አልኋት። «ምን ትያለሽ?»

ወደ እሱ አየች። እሱ ቀና አላለም። «እሱ ካልፈለገ ምን እላለሁ» አለችና ወደ ጓዳ ተመለሰች። ወጡ አሮ ነበር።

ታረቀኝ ብዙ ሳይቆይ መስመር ቀየረ፤ ከማርቆስ ወደ ሞጣ የሚሄደውን ያዘ። ለሕሊና፣ ከፈለግሽ አሁን ማርቆስ ቤት ተከራዪ አልኋት። «አይ፣ መንገዱን ለምጄዋለሁ» አለች። ጋቢና ግን አትቀመጥም፤ ወደ ኋላ ትገባለች፣ ቦታ ከሌለም ትቆማለች። የአሁኑን ሾፌር ስሙን አላውቅም። መተኛት አለመተኛቱንም አልጠየቅሁትም። ወለላ ጠዋት ጠዋት ብርጭቆዋን እያጠበች ታየኛለች፣ ምንም አትልም። በአውቶቡሱ ውስጥ ዛሬም የሚገፋው ይገፋል፣ ዶሮውም ያመልጣል፣ ብርዱም ይገባል። ያኔ የማስበው ክፉ ሁሉ እነዚህና የጨሞጋ ገደል ነበሩ።

ታረቀኝ በበዓል በበዓል ይመጣል። ባለፈው የአማኑኤል ዕለት ስኳርና ለጉልበቴ ቅባት ይዞ መጣ። አብረን በላን። የሞጣን መንገድ አቧራ ነገረኝ፤ ጣሪያዬንም ቀና ብሎ ዞሮ አየልኝ። ከዚያ ሰዓቱን አየ።

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ሽማግሌ መጥቶ ነበር?»

«አልመጣም።»

ጃኬቱን አነሣ።

«ትንሽ ቆይ እንጂ፤ አውቶቡሱ ደርሷል፣ ትገባለች» አልሁት።

«እሱን አውቄ ነው የምነሣው፣ እናቴ።» ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመና በአስፋልቱ ሳይሆን በጓሮው በኩል ወጣ።

ሕሊና ገብታ ቦርሳዋን ሰቀለች። ሁለት ሰው የበላበትን ትሪ አየችው።

«መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

እጇን ታጠበችና እሱ የተወውን ወደ ራሷ ስባ መብላት ጀመረች። ወጥ መጨመር እንዳለብኝ እንኳ ረስቼ ቆሜ እመለከታት ነበር።

«መንገዱስ ዛሬ እንዴት ነበር?» አልኋት።

«ደህና» አለች።